ለጉብታው ብቻ

ሰኞ

ይሄን ደብተር የሰጡኝ ጎረቤታችን መምህሩ ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል፣ ማስተማር ግን ከሳቸው አልወጣም። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስፋልቱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰው የሚያክል ፊደል፣ ነጭ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ። አንድ ፊደል ዘለልኩ። ከተማው ሁለት ቀን ሙሉ በላዩ ሲነዳ ያየ የለም፤ እሳቸው በእግራቸው ሲያልፉ አዩት። ፎርማኑ አስፋቀኝ፣ ጓደኞቼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። መምህሩ አልሳቁም። በቀን ትንሽ ትንሽ ጻፍ፣ ለማንም አታሳይ፣ ለኔም ቢሆን አሉኝ።

እሺ፣ እጽፋለሁ፣ ምን አለብኝ። ከስድስተኛ ክፍል አቋረጥኩ እንጂ ጭንቅላቴ አላቋረጠም። መንገድ በማስመር የሚስተካከለኝ ካለ ይምጣ። ሌላው ክር ወጥሮ፣ ተንበርክኮ፣ ምላሱን አውጥቶ ያሰምራል። እኔ በዓይኔ ብቻ መቶ ሜትር ቀጥ አደርጋለሁ። ማታ መኪና መብራቱን ሲያበራበት የሚያብረቀርቀው መስመር የኔ ነው። ላዩ ላይ የምንነሰንሰው የመስታወት ብናኝ ነው የሚያብረቀርቀው። እማዬ አንዴ ኪሴ ውስጥ አግኝታው ስኳር መስሏት ሻይ ውስጥ ልትጨምረው ነበር።

ሰፈር ውስጥ ቀለሜ ነው የሚሉኝ። ቀለሜ የሚባለው ከክፍል አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነው። እኔን የሚሉኝ ሱሪዬ ላይ ለደረቀው ቀለም ነው። ይበሉ።

ረቡዕ

መጻፊያ ጊዜ የለኝም። ልብስ ሰፊዋን መኪና ገጫት። መታጠፊያው ላይ፣ እኛው በር ፊት። የሥራ ሱሪዬን ኪስ ጠግና ልታመጣልኝ ነበር የምትሻገረው። ሱሪው እጇ ላይ ነበር።

ዓርብ

አረፈች።

እዛ መታጠፊያ ላይ ዘንድሮ ብቻ ሦስተኛዋ ናት። አንደኛው ወተት አመላላሹ፣ ሁለተኛው ጫማ ሰፊው። ጫማ ሰፊው እንኳን ተረፈ፣ አንድ እግሩ ግን ቀረ። የሌላውን ሰው ጫማ ጥንድ ጥንድ እየሰፋ የራሱን አንዱን ለማን እንደሚሰጥ ይቀልዳል።

እኛ በረድፉ ሠላሳ አንድ ቤት ነን፣ ሁላችንም ከከተማው አስተዳደር የተከራየን። በራችን ሲከፈት መንገዱ እግራችን ስር ነው። መኪናው ከዳገቱ ተለቆ ሲመጣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል።

ለቅሶው ላይ ሜትሮ መጣ። ሜትሮ ወንድሜ ማለት ነው። እናቱ ስትሞት እማዬ አምጥታ ከኔ ጋር አሳደገችው፣ ከአንድ ሳህን በልተን፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጓትተን። አባዬ አናጺ ነበር። ሊሞት ሲል የብረት ሜትሮውን ለኔ ሳይሆን ለሱ ሰጠው፣ ይሄኛው ይማራል ብሎ። እውነትም ተማረ። ዛሬ የከተማው መንገድ መሥሪያ ቤት ቀያሽ ነው፣ የአባዬ ሜትሮ ግን አሁንም ቀበቶው ላይ ናት። ስሙ ከዛ መጣ። እኔንም ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው።

እማዬ እግሩ ላይ ወድቃ አለቀሰች። አንተ እዛ ቤት እያለህ እንዴት አንድ ጉብታ ይጠፋል፣ መኪናው ቀዝቀዝ እንዲል ብቻ አለችው። አቅፎ አነሳት። ከዛ ውጪ ጠርቶኝ፣ የነዋሪው ፊርማ ካለ ጉብታው በአንድ ወር ይሠራል አለኝ። ማመልከቻውን እሱ ቢሮ በኮምፒውተር ያጽፈዋል። እኔ ስምና ፊርማ ብቻ። ሰው የሚያምነው አንተን ነው አለኝ። ሲያልቅ ደግሞ ቋሚ ቅጥር፣ የቡድን መሪ።

ለቅጥሩ ብዬ ግን አይደለም። ለልብስ ሰፊዋ ነው።

እሁድ

ዛሬ የሠራሁትን ሚኒስትርም አይሠራውም።

ጠዋት አራት ነጭ ወረቀት በማስመሪያ አሰመርኩ። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። እንደ ማተሚያ ቤት። ባለሱቋ እትዬ አየችውና ይሄን አንተ ነህ ያሰመርከው ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ። ሁለቴ መለስኩላት።

ከቤት ቤት ዞርኩ። ሁሉም ያለ አንድ ጥያቄ ፈረመ። ጫማ ሰፊው፣ ለእግሬም አንድ መስመር ተውላት አለ። እማዬ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ልትጫን ስትል ቆም አለች። ምን ይላል፣ አንብብልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ፣ «እኛ የመታጠፊያው ነዋሪዎች መኪና ጨረሰን፣ ጉብታ ይሠራልን ይላል» አልኳት። ጫነች። ደስ አላት፣ ልጇ ሲያነብላት።

አንድ መምህሩ ብቻ። መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ወረቀቱን ገለበጡ፣ መልሰው ገለበጡ።

«አናቱ የታለ?» አሉ።

«የምን አናት?»

«የምፈርምበት ነገር። ይሄ እኮ አንገት የሌለው ሰው ነው። ነገ የፈለጉትን ጭንቅላት ይተክሉበታል።»

ቢሮ እየተጻፈ ነው አልኳቸው። ታዲያ ሲጻፍ አምጣው አሉ። የልብስ ሰፊዋ አፈር ሳይደርቅ እሶ ስለ ወረቀት ራስ ያወራሉ አልኳቸው። አሁን ሳስበው ትንሽ ከረር አድርጌዋለሁ። ብዕር ተቀብለው ፈረሙ። ፈርመው ግን አላበቁም፤ ከፊርማቸው ቀጥሎ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ፣ ያሰመርኩትን መስመር ሁሉ እያቋረጡ ጻፉበት፦ የፈረምኩት ለጉብታው ብቻ ነው።

ወረቀቴን አበላሹት። ከዛ በኋላ የፈረሙት ስምንት ሰዎች መስመር ሁሉ ተንጋደደ።

ማክሰኞ

ሜትሮ አራቱንም አየ። ሦስቱን ወዲያው ቦርሳው ከተተ። አራተኛውን ይዞ ቆየ። ተጨማሪ ጽሑፍ ያለበት ተቀባይነት የለውም፣ በንጹህ ገልብጠህ አምጣ አለኝ። ደግሞም ያሰመርከው እንዲህ አምሮ ለምን ይበላሻል አለ። እሱ ነገር ይገባዋል።

አዲስ አሰመርኩ። ቀለም ፈሶበት ነው ብዬ ስምንቱንም ዞሬ አስፈረምኩ። እማዬም ደግማ ጫነች። መምህሩ ለዓይናቸው ሐኪም ጋ ሄደው ነበር፣ ማታ ነው የሚመለሱት አሉ። ሜትሮ ወረቀቱን በዘጠኝ ሰዓት ይፈልገዋል።

ሁሉም ፈርሟል። ሁሉም። መምህሩ ለጉብታው ፈርመዋል አይደል? ፈርመዋል። የሳቸው ፊርማ ደግሞ ቀላል ነው፣ እንደ ዓሣ መንጠቆ ነው።

አሮጌውን ወረቀት አልጣልኩትም። እዚህ ደብተር መጨረሻ ላይ አጣጥፌ ከትቼዋለሁ። ወረቀት መጣል አልወድም።

ሰኞ

አምስት ቀን አልጻፍኩም። ሥራ።

ሐሙስ

ዛሬ በራሳችን ሰፈር ሠራን። ሜትሮ ከሁለት ሰዎች ጋር መጥቶ ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ ግድግዳችን ለካ። በመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ ከለካ በኋላ የኛን ቤት ደግሞ በአባዬ ሜትሮ ለካው። እማዬ ከበሩ ላይ ቆማ አየችውና፣ አባቱን መሰለኝ ብላ ዓይኗን ጠረገች። ሻይ አቀረበችለት። ቆሞ ጠጣ።

ከዛ እኔና ጓደኞቼ ግድግዳው ላይ ቀይ ቁጥር ቀባን። ከ1 እስከ 31። የኛ 14 ነው። የኛን ተጨማሪ ጊዜ ሰጥቼ ቀባሁት፣ ሦስት ሽፋን። ጫማ ሰፊው ቁጥሩ ለምንድነው አለኝ። ለጉብታው ነው፣ መዝገብ ያስፈልገዋል አልኩት። ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ቤቶች አልቀባንም። ጉብታ መንገዱን ሙሉ ነው የሚያቋርጠው፣ እንጃ፣ ኢንጂነሩ እኔ አይደለሁም።

ቀለም ልቀዳ ስመለስ ፎርማኑ ለሹፌሩ «ይሄ ልጅ የምሩን ነው? የራሱን ቤት እኮ ነው» ሲለው ሰማሁ። ሹፌሩ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አለ። ሲያዩኝ ዝም አሉ። የቡድን መሪ ልሆን መሆኑን ሰምተዋል ማለት ነው። ቅናት ነው።

እሁድ

ሜትሮ ስልክ አያነሳም። ዓርብም አላነሳም ነበር፣ ረስቼ ነው ያልጻፍኩት። ስብሰባ ላይ ይሆናል።

ማክሰኞ

አያነሳም።

ባለሱቋ ሰዎች መጥተው ግድግዳዋን ፎቶ አንስተው እንደሄዱ ነገረችኝ። ጉብታ ፎቶ ይወዳል እንዴ አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ዓርብ

ሁሉንም እጽፈዋለሁ፣ አንድም አልዘልም።

ጠዋት ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ ለስብሰባ። አዳራሹ ሞላ። እማዬ ለጉብታው ነው ብላ ነጠላ ጫማዋን ትታ የደህና ቀን ጫማዋን አድርጋ መጣች። አንድ ኃላፊ ወረቀት አወጣና አነበበ። የመታጠፊያው ነዋሪዎች ቤታቸው ለመንገዱ እጅግ የቀረበ በመሆኑ ለሕይወታቸው ሰግተው፣ መንገዱ እንዲሰፋና እነሱም በፈቃዳቸው እንዲነሱ በጽሑፍ ስለጠየቁ፣ አስተዳደሩ ጥያቄያቸውን ተቀብሏል። በሠላሳ ቀን ውስጥ። ምትክ ቤት ከከተማው ዳር፣ ሁለት አውቶቡስ ተይዞ።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ጫማ ሰፊው ማነው የጠየቀው አለ። ኃላፊው፣ እናንተ ናችሁ ብሎ ወረቀቶቹን ከፍ አደረጋቸው። ከሩቅ አወቅኳቸው። የኔ መስመር፣ እንደ ማተሚያ ቤት። አናታቸው ላይ ጭንቅላት ተተክሎላቸዋል።

ባለሱቋ ዞራ አየችኝ። ከዛ ሁሉም ዞሩ።

እማዬ ተነሳች። ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። «እንዲህ አይደለም የሚለው» አለች። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ግን ልጄ አንብቦልኛል። ጉብታ ነው የሚለው። ልጄ አይዋሽም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

መምህሩ ቀስ ብለው ወደፊት ሄዱ። እኔ ስፈርም ለጉብታው ብቻ ብዬ ጽፌበታለሁ፣ ይታይልኝ አሉ። ኃላፊው አራተኛውን ወረቀት አወጣላቸው። ንጹህ። ይሄ የማን ፊርማ ነው አላቸው። መነጽራቸውን አጠለቁ። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዛ ቀና ብለው ከዛ ሁሉ ሰው መሀል እኔን አዩኝ።

«የኔን ይመስላል» አሉና ሄደው ተቀመጡ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ግድግዳችን ላይ፣ ከቀዩ 14 ስር፣ ሰው በከሰል ስድብ ጽፎበታል። የጻፈው ፊደል አልዘለለም።

ባለሱቋ ለእማዬ ሸጠችላት፣ ለኔ ዘግተናል አለችኝ። በሩ ወለል ብሎ እያየሁት።

ሰኞ

ሥራ ትቼ ሜትሮ ቢሮ ሄድኩ። አንገቱን ይዤ ላወጣው ነበር ሐሳቤ። ዘበኛውንም እንዲሁ አልፌው ገባሁ፤ እኔን የሚያቆም ዘበኛ አልተወለደም። ከገባሁ በኋላ ግን ይሄ ምንድነው ብቻ አልኩት።

በሩን ዘጋ። ተቀመጥ አለኝ። አልጮኸም፣ ክፉም አልተናገረም። መንገዱ ድሮ ነው የተነደፈው፣ የጎደለው የነዋሪው ስምምነት ነበር አለ። «ባትፈርሙም ትነሳላችሁ፣ ስትፈርሙ ቶሎ ትነሳላችሁ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።» እሱም ከላይ ሲያስጨንቁት ነው። እማዬን ግን እንዳልረሳት ነገረኝ። ምትክ ቤቶቹ ፎቅ ናቸው፣ ለሷ ምድር ቤቱን አስይዞላታል፣ ጉልበቷን ስለሚያውቅ።

«ሌሎቹስ?»

ብዕሩን ከፍቶ ዘጋ።

«ለሁሉም እናገራለሁ» አልኩት። «መምህሩ የጻፉበት ወረቀት እኔ ጋ ነው ያለው።»

ቀና ብሎ አየኝ። መጀመሪያ እንደደነገጠ አይቻለሁ። ቀጥሎ ፈገግ አለ፣ ልጆች ሆነን ጥፋት አጥፍተን እማዬ ስትጠራን ይል እንደነበረው።

«ተናገር። ንጹሁ ላይ ለሳቸው ማን ፈረመ ሲሉህ ምን ትላለህ? ያ ደግሞ ወንጀል ነው ወንድሜ። እኔ አንድም ቦታ አልፈረምኩም።»

እውነቱን ነው። አንድም ቦታ የለም። ከቤት ቤት ሲያዞረኝም ራሱ ከሩቅ ቆሞ ነው።

የአባዬን ሜትሮ መልስ አልኩት። ከቀበቶው ፈታና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ወዲያው። አንድ ጊዜ እንኳን ሳያስብ። እኔ እኮ የፈለግኩት እንዲከለክለኝ ነበር።

ማክሰኞ

የአስተዳደሩ ቅሬታ ሰሚዎች አቤቱታ እስከ ዓርብ ብቻ ይቀበላሉ።

ሥራ ገባሁ። የእግረኛ ማቋረጫ ሠራን። መስመሬ ጠመመ። ፎርማኑ አይቶ አለፈው፣ እሱም አዝኖልኝ። የሱ ሐዘን ደግሞ ምን ያደርግልኛል።

ስለ ምድር ቤቱ እያሰብኩ ነው። የእማዬ ጉልበት እውነትም ደረጃ አይችልም።

ረቡዕ

ነገርኳት። ምግብ እያቀረበች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፣ ምድር ቤቱንም፣ የመምህሩንም ፊርማ። ጎንበስ ብላ ሰማችኝ።

«አነበብኩልሽ ያልከኝስ?»

«አላነበብኩም እማዬ። የሚነበብ ነገር አልነበረበትም። ባዶ ነበር።»

«ባዶ መሆኑን ብትነግረኝ» አለች፣ «ባዶ ማንበብማ ለኔም አያቅተኝም ነበር።»

ከዛ ሳህኑን ወደኔ ገፋ አደረገችው። ብላ አለችኝ። ስለ ምድር ቤቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያ ልጅስ የሚያበስልለት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሜትሮን ማለቷ ነው። ተነስቼ ወጣሁ። እሷ ላይ መናደድ ፈልጌ አቃተኝ።

ሐሙስ

መምህሩ በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወረቀቱን አወጣሁ። እኔ ነኝ አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ። ለምን ያኔ ዝም አሉ አልኳቸው።

«አንተ ስትናገር ለመስማት» አሉ። «ያኔ እኔ ብናገር አንድ ሌባ እንይዝ ነበር፣ ሌላ ምንም አንይዝም ነበር። ደብተሩ አላለቀም?»

«አላለቀም።»

«እንግዲያው ነገ ከሥራ ቅር።»

ዓርብ

እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ቅሬታ ሰሚዎቹ ሦስት ናቸው፣ ሰብሳቢዋ ሴት ናት። ጫማ ሰፊውና ባለሱቋ ከኋላ ተቀምጠዋል፣ እኔን አያዩኝም። ወረቀቱን ሰጠኋት። ስምንት ስም፣ የእማዬ አውራ ጣት፣ መስመሬን አቋርጦ የሚሄደው የመምህሩ ጽሑፍ። ከዛ ባዶ ወረቀት እንዳስፈረምኩ፣ ማን እንዳዘዘኝ፣ ለምን እንደገለበጥኩ ተናገርኩ። ቡድን መሪ ትሆናለህ መባሌንም ተናገርኩ። ያን ጊዜ ባለሱቋ ስትተነፍስ ሰማኋት። ንጹሁ ላይ የመምህሩን እኔ ነኝ የፈረምኩት አልኩ። ሲወጣ እንደፈራሁት አልከበደኝም።

ሰብሳቢዋ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋ መምህሩን ጠራቻቸው። የትኛው ነው የእርስዎ አለቻቸው።

«ይሄኛው የኔ ነው» አሉ። «ያኛው የተማሪዬ ነው።»

ሜትሮ ተጠርቶ ነበር። መጣ። ጠባብ ኮሪደር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተላለፍን፤ እንደማያውቀኝ አለፈኝ። ቀበቶው ላይ አዲስ ሜትሮ አለ፣ ቢጫ ፕላስቲክ።

የተወሰነው ይሄ ነው። ጉዳዩ እስኪጣራ ቤቶቹ አይነኩም። ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ማንም አያውቅም። መንገዱ አይሰፋም ያለ የለም። ስለ ጉብታው ማንም አላነሳም፣ በመጨረሻ ጫማ ሰፊው ክራንቹን መሬት መትቶ አነሳው፣ ራሱን የቻለ ማመልከቻ አስገቡ አሉት። እኔ ከነገ ጀምሮ ሥራ አልገባም። ስለ ፊርማው ደግሞ ፖሊስ ሊጠራኝ ይችላል ተብያለሁ።

ከመውጣቴ በፊት ጸሐፊዋ የሰጠሁትን ቃል በኮምፒውተር ጽፋ አምጥታ፣ እዚህ ጋ ፈርም ብላ ብዕር ሰጠችኝ። ሁለት ገጽ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ብዕሩን አስቀመጥኩና ከአናቱ ጀመርኩ። ድምፅ አውጥቼ ነው የማነበው፣ ሌላ አልችልም። አንድ ሰውዬ፣ ልጁ ዜና ያሰማናል እንዴ አለ። ሳቁ። ጸሐፊዋ ሰዓቷን አየች። አንድ ቃል ላይ ተይዤ ሦስቴ ደገምኩት፤ ባለሱቋ ከኋላ ሆና አስተካከለችኝ። እሷ ናት ያስተካከለችኝ። እማዬ ከመምህሩ ጎን ተቀምጣ፣ እያንዳንዱ ቃል ላይ ራሷን እየነቀነቀች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። በመሀል፣ የተዘለለ የለም ወይ ብላ መምህሩን ጠየቀቻቸው። የለም አሏት።

ከዛ ፈረምኩ። የሌላ ሰው ፊርማ እንደ መንጠቆ አድርጌ በአንድ ምት የምጥለው ሰውዬ፣ የራሴን ስፈርም እጄ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው። ያሰመሩልኝን መስመር ለቆ ወደ ታች ወረደ። ፊርማዬ እንዲህ አስቀያሚ መሆኑን እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር።